ከወልድያ እስከ ዓይደር፦ የሐያትን ንግግር ፍለጋ

ማክሰኞ፣ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል፣ ወልድያ

ሱብሒ ሰግደን ወጣን። ሐያት መቐለ ጨርቅ ስትነግድ የኖረች የሠላሳ አራት ዓመት ልጄ ናት። ከአምስት ወር በፊት ስትሮክ መታትና ቀኝ እጇ ደከመ፣ ንግግሯም ጠፋ። ያኔ ወደ ቤቴ አመጣኋት። አሁን የምንሄደው መቐለ ዓይደር ሰፈር ያለ አንድ ክሊኒክ ጭንቅላትን በቀላል ኤሌክትሪክ እያነቃቃ ንግግር ያለማምዳል ስለተባለ ነው።

እኔ ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ። ጥገናውንም ሆነ ፊደሉን ያስተማረኝ ሰው የለም። ያልለፋ አያገኝም እያልኩ ነው ልጆቼን ያሳደግኩት፤ ሐያትንም ከታመመች በኋላ የያዝኳት በዚሁ ሕግ ነው።

የተሳፈርንበት ሚኒባስ ሾፌር፣ የሰፈራችን ሰው፣ በመስታወት አየን።

«ጋሽ ሰይድ፣ ጭንቅላቷ ላይ መብራት ሊያስገቡ ነው አሉ?»

«በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ነገር ነው።»

«ባትሪ ከሆነስ ደግ። በመብራት ቢሆን ቃሉ ግማሽ ላይ ሲደርስ ይጠፋ ነበር!»

ሐያት ሳቀች። ሳቋ እንደ ድሮው ነው።

3 ሰዓት፣ አላማጣ

የቆቦ ሜዳ ማሽላ ታጭዶ በየማሳው ተከምሯል። አላማጣ ስንደርስ ሙቀቱ መጣ፤ ሎሚና ፓፓያ የያዙ ሴቶች መስኮቱን ከበቡት። አንድ የላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ገዛሁ። ሐያት በግራ እጇ ጠቆመች።

«ውሃ በይ፤ ከዚያ እሰጥሻለሁ» አልኳት።

ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። ቃሉ አልወጣም።

«ኧረ ይስጧት! ጨካኝ!» አለች ከኋላ የተቀመጠች ሴት።

«እንዲሁ ከሰጠኋት መቼ ትናገራለች?»

ሐያት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

5 ሰዓት፣ ማይጨው

የተራራውን ጥምዝምዝ ወጥተን ብርድ ውስጥ ገባን። ሽሮ አዘዝንና ጠርሙሱን ዝም ብዬ ፊቷ አስቀመጥኩት። አልነካችውም። አሳላፊዋ ሳትጠየቅ ያመጣችላትን ብርጭቆ ውሃ ግን እስከ ታች ጨለጠችው።

9 ሰዓት፣ መቐለ፣ ዓይደር

ከመናኸሪያ በባጃጅ ደረስን። የንግግር ባለሙያዋ ወይዘሮ ለተብርሃን ተቀበለችን። መሣሪያው ከመዳፌ አይበልጥም፤ ሁለት ሽቦ፣ ሁለት እርጥብ ስፖንጅ፣ አንድ የጎማ ማሰሪያ።

«ይኼ ያናግራታል?» አልኳት።

«ብቻውን አያናግርም፣ አቦይ። እሱ ራሷ ላይ እያለ ነው ቃል የምናለማምዳት። ያግዛል ብለን ነው እንጂ ነገሩ ገና እየተጠና ነው፤ ትናገራለች ብዬ ቃል አልገባልዎትም። ደግሞ መስማማት አለባት።»

«እኔ አባቷ ተስማምቻለሁ።»

«እሷን ነው የምጠይቀው።»

ሁለት ካርድ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፤ በአንዱ «አዎ»፣ በሌላው «አይ» ተጽፏል። ስለ መሣሪያው ጠየቀቻት፤ ሐያት «አዎ» ላይ እጇን አሳረፈች። ስለ ልምምዱም «አዎ»።

«አባትሽ አብረውሽ ይቀመጡ?»

እጇ «አይ» ላይ ሄደ።

«አልገባትም፤ ድገሚላት» አልኩ።

ተደገመላት። ሐያት ካርዱን አንስታ ደረቴ ላይ ለጠፈችው።

«ገብቷታል» አለች ለተብርሃን። «ቤት እንዴት ነበር የሚያለማምዷት?»

አልደበቅኩም። የከለከልኳትን ውሃና እንጀራ፣ አንድ ቀን ደግሞ እስክትናገር ብዬ የቆለፍኩባትን በር ሳይቀር ነገርኳት።

«እሷ እኮ ሰንፋ አይደለም ዝም ያለችው፣ አቦይ። ውሃ የከለከሉት ሰው ይጠማል እንጂ አይናገርም።»

ልጆቻችሁን እንደ እኔ የምትቀጡ አባቶች፣ ይህን የጻፍኩት ለእናንተ ነው። ሬዲዮ እንኳ ሲበላሽ በጥፊ አልመታም፤ ከፍቼ አያለሁ። ልጄን ግን ከፍቼ አላየሁም።

በሩ ተዘጋ። ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ተቀመጥኩ። ከብዙ ጊዜ በኋላ የሐያት ድምፅ ተሰማኝ።

«ው… ው…»

ቃሉ አላለቀም። ውሃ ሲቀዳ ግን ሰማሁ፤ ለተብርሃን ሳትጠብቅ ቀዳችላት።

የአላማጣው ጠርሙስ ጭኔ ላይ ነበር። ክዳኑ አልተከፈተም።