በሾላው ኩርባ የተቀረጸው

ይርዳው አሥራተ ማርያም ከሰቆጣ አምደወርቅ እየተመላለሰ ሚኒባስ መንዳት ከጀመረ አሥራ አራት ዓመት ሆኖታል። በእነዚህ ዓመታት ስሙን በክፉ ያነሳ ሰው አልነበረም። ነፍሰ ጡር ከጫነ ቀስ ብሎ ይነዳል፤ ሽማግሌ ሲያይ ጎረምሳ አስነስቶ ከፊት ያስቀምጣል፤ ኽምጣና ብቻ የሚናገሩ የገጠር እናቶች መውረጃቸው እንዳያልፋቸው በቋንቋቸው እየጠራ ያስታውሳቸዋል። ባለፈው ሐምሌ የደረሰው ነገር ግን ይህን ሁሉ አናጋው።

ከአምደወርቅ ወደ ሰቆጣ እየተመለሰ ነበር። ዝናቡ ገና አባርቶ ጉሙ መንገዱ ላይ ተኝቷል። ሹፌሮች የሾላው ኩርባ በሚሉት፣ ቁልቁል ወርዶ ወደ ግራ በሚታጠፈው ቦታ ላይ አንድ ሞተር ሳይክል ድንገት ከፊቱ ብቅ አለ። ፍሬን ያዘ። ሚኒባሱ ግን በጭቃው ላይ ተንሸራቶ ሄዶ ገጨው። የሞተሩ ነጂ ተስፋው ይባላል፤ በየመንደሩ እየዞረ ከብት የሚያክም ወጣት ነበር። ነፍሱ ተረፈች፤ ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

ትራፊክ ፖሊስ እስኪደርስ ዝናቡ ተመልሶ የጎማውን ፈለግ አጠበው። ከተሳፋሪዎቹ ገሚሱ እያንቀላፋ ነበር፤ ገሚሱ ከጉሙ በቀር ያየው የለም። ተስፋው “እሱ ነው ወደ እኔ ጎን የመጣው” አለ። ይርዳው “እሱ ነው መንገዴን የዘጋው” አለ። ማስረጃ ጠፋና ምርመራው ቆመ፤ ነገሩም በሽማግሌ እጅ ገባ። የሽማግሌዎቹ መሪ ቄስ ወልደ ገብርኤል ሁለቱን በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፣ ሰው በተሰበሰበበት አስቀምጠው ይርዳውን አስማሉት።

“ቅዱስ ሚካኤል ይፍረደኝ፣ መንገዴን ይዤ ነበር የመጣሁት” አለ።

ሲምል ድምፁ አልተንቀጠቀጠም፤ እውነት መስሎት ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ በአገሩ ወሬ ጥፋተኛው ተስፋው ሆኖ ቀረ። አንዱ ሲፈጥን ነው አለ፤ ሌላው ጠጥቶ ነበር እስከ ማለት ደረሰ።

ይርዳው ግን በዚህ አላረፈም። የተስፋው ዘመዶች በእሱ መኪና አይሳፈሩም። የተስፋው እናት ወይዘሮ እታለም አምደወርቅ ገበያ ላይ ድንገት ሲያገኙት መንገድ ይለውጣሉ። እሱም ቤቱ ሲገባ “ምናለ ያየ ሰው በነበረ” ይላል። ሚስቱ ሰርካለም ይህን ቃል መስማት ሰልችቷታል። መኪና ላይ ተገጥሞ መንገዱን ስለሚቀርጽ ካሜራ ከወልድያ የመጣ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ሲነግረው፣ በማግስቱ በጠዋት ኤደን ዘንድ ሄደ።

ኤደን መናኸሪያው አጠገብ ስልክ የምትጠግን፣ የመኪና ቴፕና መብራትም የምትገጥም ሴት ናት። ሁለት ዓይነት ካሜራ እንደምታስመጣ ነገረችውና ከስልኳ ፎቶአቸውን አሳየችው።

“ይኸኛው ወደ ፊት ብቻ ነው የሚያየው። ያኛው ሁለት ዓይን አለው፤ አንዱ መንገዱን፣ አንዱ አንተንና ተሳፋሪውን ያያል።”

“የውስጡ ይቅርብኝ” አለ ይርዳው። “ሰው በዚህ ጊዜ ካሜራ ይፈራል። ‘ምን ሊያደርግ ነው የሚቀርጸን’ ብለው ቢሸሹኝስ?”

“ድምፅስ? ድምፅም ይይዛል።”

“ዝጊው። እኔ የምፈልገው መንገዱን ነው። ነገ አንዱ መንገዴን ቢዘጋ፣ ‘ያውላችሁ’ ብዬ የማሳየው ነገር ይኑረኝ።”

ኤደን አልተከራከረችም። ዕቃው በሁለተኛው ሳምንት ደረሰ። ይርዳው ሽቦውን ከሲጋራ መለኮሻው ላይ እንድትሰካው ፈልጎ ነበር፤ እሷ ግን መለኮሻው ለተሳፋሪ ስልክ መሙያ እንደሚያስፈልግ አስታውሳው ከፊውዙ ሳጥን ሳበችው። ሽቦውን በመስታወቱ ጎን ባለው ፕላስቲክ ስር እየጎሰጎሰች አሳለፈችው፤ ካሜራውን ከኋላ ማሳያው መስታወት ጀርባ፣ ዓይን በማይገባበት ቦታ ለጠፈችው። አቧራ እንዳይዘው መስታወቱን ራሷ በጨርቅ ወለወለችው። “ሚሞሪው ሲሞላ የቆየውን ራሱ እያጠፋ ይቀጥላል” አለችው። “መኪናው ክፉኛ ከተናጠ ግን አደጋ ነው ብሎ ያንን ቆልፎ ያስቀምጠዋል። የተቆለፈ አይጠፋም።”

ይርዳው ደስ አለው፤ ደስታው ግን ከመጀመሪያው ኬላ አላለፈም። ፈታሹ ካሜራውን አይቶ ማንን እንደሚቀርጽ፣ ለማን እንደሚያቀብል ሲጠይቀው ግማሽ ሰዓት ቆመ። ከዚያ ወዲህ ኬላ ሊደርስ ሲል ካሜራውን በጨርቅ መሸፈን፣ ሲያልፍ መግለጥ ልማዱ ሆነ።

በሦስተኛው ሳምንት ካሜራው እየጮኸ አስቸገረ። አውጥቶ ለኤደን ወሰደላት። ሚሞሪውን ኮምፒውተሯ ላይ ሰክታ አየችና ሳቀች።

“ሞልቷል። የናንተ መንገድ ጉድጓዱ ብዙ ነው፤ እያንዳንዱን ጉድጓድ አደጋ እያለ ቆልፎታል። ንዝረት የሚሰማበትን ልክ እቀንስልህና እነዚህን አጠፋለሁ። ከማጥፋቴ በፊት ግን እያቸው፤ የምትፈልገው ቢኖር።”

ጎን ለጎን ተቀምጠው ያዩ ጀመር። የወንዝ መሻገሪያ፣ የፈረሰ ድልድይ አፍ፣ እንደገና ወንዝ። ቀጥሎ ቁልቁለት መጣ፤ ግራ ጎኑ ላይ ሾላ ቆሟል። መኪናው ሲታጠፍ አንድ የፈጠጠ ድንጋይ ከፊት ብቅ ብሎ ጠፋ፤ ምስሉም ተናጠ። ሌላ ቀን፤ ያው ሾላ፣ ያው ድንጋይ፣ ያው መናጥ። አራተኛውን ሲያዩ ኤደን መሳቋን ተወች። ዘጠኝ ነበሩ። ዘጠኙም ወደ ሰቆጣ ሲመለስ የተቀረጹ ናቸው።

ይርዳው ድንጋዩን ያውቀዋል። ወደ አምደወርቅ ሲወጣ በቀኙ በኩል ስለሚያገኘው ሁልጊዜ እያየ ይሸሸዋል። ሲመለስ ግን ድንጋዩ በግራ፣ ከወዲያ በሚመጣው ሰው መንገድ ላይ ነው። መንገዱን ይዞ የሚወርድ ሰው ጎማ ከዚያ ድንጋይ ጋር ምን ያገናኘዋል?

“የሾላው ኩርባ ነው አይደል፣ ጋሼ?” አለች ኤደን ቀስ ብላ።

“አጥፊው።”

እጇን ወደ ቁልፉ ላከች።

“ቆዪ!” አለ ይርዳው። ሚሞሪውን ራሱ ነቅሎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና ሳይሰናበታት ወጣ።

በማግስቱ ከአምደወርቅ ሲመለስ ኩርባው ላይ ሆን ብሎ ቀኙን ለመያዝ ሞከረ። በሦስተኛ ማርሽ አልሆነለትም፤ መሪው በቀኝ ወዳለው ገደል የሚወስደው መሰለው፤ እጁም ሳያዘው ወደ ግራ ሳበ። ከዚያ ቀጥሎ ባለው ቀን ወደ ሁለተኛ ማርሽ አውርዶ እየተጎተተ ዞረው። ያን ጊዜ ገባው። በዚያች ኩርባ ቀኙን ይዞ ሲወርድ በዚህ ሁሉ ዓመት ይህ የመጀመሪያው ነው።

ለሰርካለም ነገራት። እህል እየለቀመች ነበር፤ ሰፌዱን ከጉልበቷ ላይ አወረደች።

“ያንን ቀን ያሳያል እንዴ?”

“ያንን ቀን አያሳይም። ያኔ ካሜራ የት ነበረኝ?”

“ታዲያ ምን ሆንህ? ያንን ቀን ቀኝህን ይዘህ ቢሆንስ?”

“ሰርካለም፣ በጠራራ ፀሐይ ያልያዝሁትን ቀኝ በጉም ልይዘው?”

ሰፌዱን አንስታ መልቀሟን ቀጠለች። ቆይታ ግን ተቆጣች። “በሚካኤል ስም ምለሃል። ሰው ሁሉ ሰምቷል። አሁን ተነስተህ ‘ዋሽቼ ነበር’ ብትል መንጃ ፈቃድህን ይቀሙሃል፤ ምናልባትም ትታሰራለህ። እኔና ልጆቹስ?”

“አልዋሸሁም። የማልሁት ያመንሁትን ነው።”

“እንግዲያው ተወዋ!”

ሊተወው ሞከረ። አንድ ሳምንት ሙሉ ሥራውን ሠራ፤ ሐሳቡ ግን እዚያው ኩርባ ላይ ነበር። ተሳፋሪ “ሹፌር፣ ወራጅ አለ!” ሲለው ሳይሰማ ያልፋል። በሳምንቱ ቄስ ወልደ ገብርኤል ቤት ሄዶ ሁሉንም ዘረገፈላቸው። ቄሱ አንገታቸውን ደፍተው እስከ መጨረሻው ሰሙት።

“ያን ጊዜ የማልኸው ባለማወቅ ነው” አሉት። “ከአሁን በኋላ ዝም ካልህ ግን እያወቅህ ነው።”

“እርስዎ ቢመጡልኝና አብረን ብንነግረው?”

“እኔ ከመጣሁ ልጁ ‘ሽማግሌ አመጣብኝ’ ብሎ ያፍራል፤ የልቡንም አይናገር። ብቻህን ሂድ።”

ተስፋው ከእናቱ ጋር አምደወርቅ ዳር ነው የሚኖረው። ይርዳው ሲደርስ አጥሩ ጥግ ክራንቹን አስደግፎ ተቀምጦ፣ ጎረቤት ያመጣችለትን በግ ሰኮና እያየ ነበር። ወይዘሮ እታለም ይርዳውን ሲያዩ ከደጃፉ ተነሡ።

“ምን ቀረህ? ደግሞ ምን ልትወስድ መጣህ?”

“እማማ፣ የምነግራችሁ ነገር አለኝ። ከሰማችሁኝ በኋላ ውጣ ካላችሁኝ እወጣለሁ።”

ተስፋው በጉን ለቆ ጎረቤቲቱን ካሰናበተ በኋላ በአገጩ መቀመጫ ድንጋይ አመለከተው። ይርዳው ተቀምጦ ሚሞሪውን ስልኩ ውስጥ ከተተና ዘጠኙን ምስል አንድ በአንድ አሳየው። ማብራራት ብዙም አላስፈለገም፤ ተስፋውም የኩርባውን ድንጋይ ያውቀዋል። ሦስቱን እንዳየ ስልኩን ከይርዳው እጅ ወሰደና ቀሪዎቹን ብቻውን አያቸው፤ ጨርሶም ከመጀመሪያው ጀመረ።

“ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትወርደው?” አለ በመጨረሻ።

“ሁልጊዜ። እኔም አላውቅም ነበር።”

ተስፋው ስልኩን መሬት ላይ አኖረው። ድምፁ ከተጠበቀው በላይ ዝግ ያለ ነበር። “ሽማግሌዎቹ ነገሩን ከጨረሱ ወዲህ እኔ ምን ስል እንደኖርሁ ታውቃለህ? ሰው ሁሉ አንተ ነህ ሲለኝ፣ አንተም በሚካኤል ስትምል፣ ‘ምናልባት እኔ እሆናለሁ’ አልሁ። ብዙ ደም ፈስሶኝ ነበር፤ በደንብ አላስታውስም አልሁ። ለንስሐ አባቴ ‘በራሴ ጥፋት አካሌን አጎደልሁ’ ብዬ ተናዝዣለሁ። ሰምተሃል? ባላጠፋሁት ንስሐ ገብቻለሁ!”

ይርዳው ሲመጣ ስድብ ጠብቆ ነበር፤ ዱላም ቢሆን ይችለው ነበር። ይህን ግን አላሰበም። ወይዘሮ እታለም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ልጃቸውን ያያሉ፤ እሳቸውም ስለ ንስሐው ያን ቀን ነው የሰሙት።

“ይቅር በለኝ” አለ ይርዳው።

“ይቅርታውን ተወው፤ አሁን አልችልም” አለ ተስፋው። “የማልህበት ቦታ ሂድና በዚያው ሰው ፊት ተናገር። ጠጥቶ ነበር ያለው ሁሉ ይስማ። ፖሊስ ዘንድም ሄደህ ቃልህን ስጥ። ሌላ የምፈልገው የለኝም።”

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄስ ወልደ ገብርኤል ሕዝቡን “ቆዩ” አሉ። ይርዳው ቆሞ ተናገረ። አንደበቱ እየተያያዘ፣ ሁለት ጊዜ እየጀመረ እያቆመ ጨረሰው። ተስፋው ክራንቹን ተደግፎ ከኋላ ቆሞ ነበር፤ ንግግሩ ሲያልቅ ማንንም ሳያናግር ሄደ። ሰው ግን እየተከተለ እጁን ይጨብጠው ጀመር፤ አንዳንዱም ማረኝ ይለው ነበር። ሰርካለም ከሴቶቹ መካከል ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ቆየች፤ ወደ ቤት ሲሄዱ ግን ከጎኑ ነው የሄደችው።

ፖሊስ መዝገቡን እንደገና ከፈተ፤ መንጃ ፈቃዱም ተያዘ። ከሁሉ የከፋበት የሹፌሮቹ ነገር ነው። “ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንወርደው፤ አንተ ምን ቤት ነህ?” አለው አብሮት ለዓመታት የሠራው ይግዛው። “ነገ እያንዳንዳችንን ካሜራ አምጡ ሊሉን ነው።” መናኸሪያው ውስጥ ሲያልፍ ወሬ ያቋርጣሉ። ካሜራውን ኤደን ነቅላ አስቀመጠችለት፤ ሚኒባሱም በግቢው ውስጥ አቧራ ለብሶ ቆሟል። እሱ ለጊዜው ከወንድሙ ጋር ድንጋይ ይፈልጣል።

መጀመሪያ በተቀጠሩበት ቀን ሁለቱ ሰቆጣ ፍርድ ቤት ደጃፍ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተገናኙ፤ አንዱ በዚህ ጫፍ፣ አንዱ በዚያ ጫፍ። ተራቸው ሊደርስ ሲል ተስፋው ፊቱን ሳያዞር “ይርዳው” አለው። በስሙ ሲጠራው የመጀመሪያው ነበር።

“አቤት።”

“ያን ቀን አንተስ ተጎድተህ ነበር?”

“ጎድኔን፤ መሪው መትቶኝ።”

“አልተናገርህም።”

“አንተን በዚያ ሁኔታ አይቼ እንዴት ልናገር?”

ተስፋው ፊቱን ወደ እሱ አዞረ። “አሁንስ ያምሃል?”

“ስፈልጥ ያመኛል።”

ከውስጥ ስማቸው ተጠራ። ተስፋው ክራንቹን አበጅቶ እስኪነሳ ይርዳው ቆሞ ጠበቀውና ተከትሎት ገባ።