በስንኙና በመልሱ መካከል

ሬዲዮው ስለ አልበማችን ሲያወራ የሰማሁት ከወረታ ገበያ ስመለስ ባጃጅ ውስጥ ነው። ተንታኙ ድምፃችንን አመስግኖ አመስግኖ ሲያበቃ፣ “ነገር ግን” አለ። ከዚያ በኋላ ያለውን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።

“አንደኛዋ ግጥሙን ታወጣለች፤ ሁለተኛዋ ለመመለስ ትዘገያለች። ክፍተቱ የጀማሪ ስህተት ነው።”

ሁለተኛዋ እኔ ነኝ።

ዘፈኑን ሲለቁት ባለ ባጃጁ በመስታወቱ አየኝ። “እማማ፣ ይቺ ድምፅ የእርስዎ አይደለችም እንዴ?”

“አይደለችም” አልኩት።

ያ ሰው አንድ ክረምት ፎገራ ወርዶ ሩዝ ቢያርም ኖሮ እንዲህ ባላለ። ለጋ ሳሉ ሩዙና አረሙ መልካቸው አንድ ነው። ለደቦ ተሰልፈን ውኃው ውስጥ ስንቆም አንዷ ታወጣለች፦

ሩዙን ካረሙ ማን አይቶ ለየው፣

ከዚያ ሁሉም ዝም ይላል። እጅ ውኃው ውስጥ ይገባል፤ ሥሩን ዳብሶ ይነቅላል። ተቀባይዋ የምትመልሰው አረሙ ከወጣ በኋላ ነው፦

ዐይኔ ቢዋሸኝ እጄ ነው ያየው።

ቸኩላ የመለሰች ሩዙን ትነቅላለች። ይህን እኛ ዘንድ ልጅም ያውቀዋል።

እኔና ያቺ አንደኛዋ፣ ጓደኛዬ፣ ከልጃገረድነታችን ጀምሮ ጎን ለጎን አርመናል፤ እሷ አውጪ፣ እኔ ተቀባይ። ስትነቅል ውኃው ተንቀሳቅሶ ባቴን ይነካኝ ነበር፤ ያኔ እመልሳለሁ። አልበሙንም የሠራነው ራሳችን ነን፤ አሳታሚም ኦርጋንም አልነበረንም። ከአንድ ሱቅ ጀርባ ባለች ክፍል ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለን፣ በሩን ዘግተን ዘፈንን። እሷ ዐይኗን ጨፍና ታወጣለች፤ እኔ እጇን አያለሁ። ውኃ በሌለበት ክፍል ጣቶቿ ሥር ይፈልጉ ነበር። ሲጨበጡ እመልሳለሁ። እንደዚያ ቀን ዘፍኜ አላውቅም።

ከሬዲዮው በኋላ አንድ ጋዜጣም ያንኑ ደገመው። እነሱስ ይሁን፣ ስለማያውቁት ነው የተናገሩት። እሷን ግን ቃለ መጠይቅ ጠርተው ስለ ክፍተቱ ሲጠይቋት፣ “እሱ እንኳ ከጓደኛዬ ነው፤ ትንሽ ትዘገያለች። ያው ዕድሜም አለ” ብላ ሳቀች።

የምትበልጠኝ እሷ ናት።

ብዙም ሳይቆይ ባሕር ዳር ገባች። ዘፈኑን በኦርጋን አሠርታ፣ ሁለቱንም ስንኝ ራሷ አከታትላ ዘፍና ለቀቀችው። ያው ተንታኝ “አሁን በሰለች” አላት። ሰማሁት። መብሰል ይህ ከሆነ እኔ ጥሬ ልቅር።

በክረምቱ ደቦ ላይ ሴቶቹ አልማሩኝም። “አንቺ፣ ቶሎ መልሺ እንጂ! ኋላ ጋዜጣ ላይ ያወጡሻል!” ብለው ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። በእሷ ቦታ አሁን ሌላ ሴት ትቆማለች። ድምፅዋ ክፉ አይደለም፤ ግን ስትነቅል ውኃው እኔ ዘንድ አይደርስም።

ዘንድሮ ሐምሌ ላይ እያረምን ስልኬ ጮኸ። ጭቃ ባልነካው ክንዴ ከፍቼ ሻሼ ውስጥ ጆሮዬ ላይ ሸጎጥኩት። እሷ ናት። “እንደምን አለሽ” የለ፣ “በድዬሻለሁ” የለ፤ ዝም ብላ አወጣች፦

ሩዙን ካረሙ ማን አይቶ ለየው፣

ድምፅዋ ያው ነው። ከኋላዋ የመኪና ጥሩንባ ይሰማል። ስንት ቀን የከረመ ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። ጎንበስ አልኩ። እጄን ሰደድኩ። ጭቃው ሞቅ ያለ ነው። ሥሩን አገኘሁት፤ ልነቅለው ጨበጥኩ፤ መልሱም ጉሮሮዬ ላይ ደረሰ።

እሷ ሁለተኛውን ስንኝ ራሷ ዘፈነችው።

ከዚያ፣ “ሃሎ? አለሽ እንዴ? ለምን ዝም አልሽ? ኔትወርክ ነው?” አለች።

ሥሩን እንደ ያዝኩ ነበርኩ።

“ኔትወርክ ነው” አልኳት።