በስግሪያ የተከሰሰችው ማሽን

ንጋት፣ አዘዞ

ደርግ በሥልጣን ላይ ሳለ፣ በአንድ የመጋቢት ንጋት፣ ከአዘዞ ወደ ደባርቅ ተነሣን። በጭነት ማኪናው ላይ አራት እግር ያላት ማሽኔ ሸራ ለብሳለች። ውጭ አገር የተማርኩት በእግር ስለሚሄዱ ማሽኖች ነው፤ በአገሬ ይህን ሥራ የያዘ ሌላ ሰው አላውቅም ነበር። መንኰራኵር በማይደርስበት ደጋ እህልና መድኃኒት እንድታደርስ ሠራኋት። የደባርቁ ሙከራ ካልጸደቀ ሥራዬ ይዘጋል።

ረፋድ፣ ዳባት

ጠጠር፣ አቧራ፣ ኬላ፣ ፍተሻ። በአንዲት ጠባብ ምግብ ቤት የጾም ሽሮ በላን። ሾፌሩ አያ ፈንታ ወደ ሸራው እያየ፣

«ገለባ አትበላ፣ አትራገጥ፤ ከእኔ በቅሎ ትሻላለች» አለኝ።

«ቤንዚን ትበላለች።»

«እሱማ በኩፖን ተለክቶ የሚታደል ነው። እሷም እንደኛ ጾመኛ ናታ።»

ቀትር፣ ደባርቅ

ሙከራውን የሚያጸድቀው ካኪ የለበሰ ወጣት ካድሬ በጽሕፈት ቤቱ ጓሮ፣ በድንጋያማው ሜዳ ላይ እንድትሞከር ፈቀደ። ሁለት ጆንያ ስንዴ ተሸክማ ተራመደች፦ የኋላ ግራ፣ የፊት ግራ፣ የኋላ ቀኝ፣ የፊት ቀኝ። ጭነቱ አልተናጠም። ከአጥሩ ውጭ የቆመ አንድ ገበሬ፣

«ሸጋ ናት። ሰጋር በቅሎ ናት እኮ» አለ።

የካድሬው ፊት ጠቆረ።

«ጓድ መሐንዲስ፣ በሰጋር በቅሎ ይሄድ የነበረው ማን ነው?»

«በቅሎ ያለው።»

«ባላባቱ። አብዮቱ የጣለውን የስግሪያ አካሄድ አንቺ ልታነሺው ነው። በሶምሶማ ትሂድ።»

«በሶምሶማ ሁለት እግሯ ባንዴ ይነሣል። ሦስቱ መሬት ካልያዙ ትወድቃለች።»

«ሰፊው ሕዝብ በሁለት እግሩ ቆሞ አልወደቀም።»

አጃቢዎቹ አጨበጨቡ። ስለ ጭነቷ አልጠየቀኝም፤ ስለ ዳገቱም አልጠየቀኝም። የስበት ሕግ የየትኛው መደብ እንደ ሆነ ሊያስረዳኝ ግን ዝግጁ ነበር። ዓመታት የፈጀሁበት ሥራ በአንድ ገበሬ ምስጋና ተፈረደበት። አካሄዷን አልቀየርኩም፤ ብቀይረው ትወድቃለች፣ ስትወድቅም ጥፋቱ የእኔ ይሆናል። ሙከራው ሳይጸድቅ ጫንናት።

አመሻሽ፣ አዘዞ

በመንገድ ላይ አያ ፈንታ አንዴ ብቻ ተናገረ። «ምነው፣ እሺ ብለሽው ብትወድቅስ?»

ማሽኗን የሠራሁበት ወርክሾፕ በር በአዲስ ቁልፍ ተዘግቷል። ዘበኛው አያ ተሰማ ዓይኑን ከእኔ አሸሸ።

«ከደባርቅ ተደውሏል፣ እትዬ። ማሽኗ ትግባ ተብሏል።»

«እኔስ?»

«ስለ እርስዎ የተባለ የለም። እሷን ለሠራተኞች ቀን ሰልፍ ይፈልጓታል።»

«በሰልፉ ላይ ልትራመድ ነው?»

«ኧረ የለም። ማኪና ላይ ቆማ ነው የምታልፈው።»