የፓ ኤኖው ቀይ እስክሪብቶ

ቡኤያ ከተማ፣ ሞሊኮ ሰፈር፣ ከዓሣ ጠባሾቹ በላይ ባለች ክፍል ውስጥ ስድስት ሆነን ኮድ እንጽፋለን። በዕድሜ ትልቃችን «ፓ»፣ አባባ፣ የምንላቸው ኤኖው ናቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ ለዕለት ሥራ የሚጠቅሙ አጫጭር ኮዶችን ለቅመው በእጅ ጽሑፋቸው ደብተር ሞልተዋል፤ ፋይል በቀን የሚለይ፣ ስልክ ቁጥር የሚያጣራ፣ የቆየ የሚጠርግ፣ ምን ቅጡ! ለማንም አይከለክሉም፤ ግን ፎቶ ማንሳት የለም። የፈለገ ቁጭ ብሎ የገጹን ፊትና ጀርባ በእጁ ይገለብጣል።

«ፓ ኤኖው፣ በዚህ ዘመን በእስክሪብቶ? ፊደል ቆጣሪ አደረጉን እኮ!» እላቸዋለሁ።

«እጅህ ያልጻፈውን ዓይንህ አንብቤዋለሁ ቢልህ አትመነው፣ ሊዮንጋ።»

«ስስት ነው እንጂ!»

ስቀው በቅጠል የተጠቀለለ የካሳቫ ምግባቸውን፣ ሚዮንዷቸውን፣ በዓሣ ይበላሉ። ያበሽቁኝ ነበር፣ አልዋሽም።

አንድ ማክሰኞ እኔ የምሠራለት የሕፃናት ክሊኒክ ኮምፒውተር ሞልቶ አልመዘግብ አለ። ነርሷ ሲስተር ናሞንዶ ደወለችልኝ። «ነገ የክትባት ቀን ነው። የማን ልጅ የትኛውን መርፌ እንደወሰደ የማውቀው ከዚህ መዝገብ ነው። ድረስልኝ።»

ፓ ኤኖው ለምሳ ሲወርዱ፣ ከሦስት ወር በላይ የቆየ ፋይል የሚያጠፋውን ኮድ ከደብተሩ በስልኬ ፎቶ አነሳሁት። የገጹን ፊት ብቻ። ክሊኒኩ ሄጄ ኮዱን አስኬድኩት። ቦታው ተለቀቀ፤ እኔም ደረቴን ነፋሁ።

ሲስተር ናሞንዶ መዝገቡን ከፈተች። «ሊዮንጋ፣ ባለፈው ወር የመዘገብኳቸው ልጆች የት ሄዱ?»

ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ፋይል ነበር። ስልሳ ሦስቱ የሉም። ኮፒ አልያዝኩም።

ሮጬ ተመልሼ ተናዘዝኩ። ፓ ኤኖው ገጹን ገለበጡልኝ። ጀርባው ላይ በቀይ ተጽፏል፦ «መጀመሪያ ሰዓቱን እይ። የውስጥ ባትሪው የሞተ ኮምፒውተር መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ በዚያን ጊዜ የተጻፈ ፋይል የድሮ ቀን ይዞ ይቀራል። ሰዓቱ ቢስተካከልም ፋይሉ አይስተካከልም። ኮፒ ሳታስቀር አታጥፋ።» ከሥሩ፦ «ኤኖው። የትምህርት ቤት ውጤት። አርባ ተማሪ።» ባለፈው ወር ክሊኒኩ መብራት ሲጠፋበት እንደነበር ትዝ አለኝ።

ሌሎቹን ገጾች ገለጥኩ። የሁሉም ጀርባ ቀይ ነው፤ ከሁሉም ሥር የራሳቸው ስምና ያጠፉት ነገር አለ። እኚህን ሰው ነው ስስታም ስል የኖርኩት! አፈርኩ።

ረቡዕ ፓ ኤኖውና እኔ ክሊኒኩ በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግተን ከእናቶቹ ካርድ እያነበብን መዘገብን። ሲስተር ናሞንዶ ባለፈች ቁጥር «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ትለኛለች። ሃምሳ ሁለቱን አገኘን። የቀሩት እናቶች ወይ አልመጡም፣ ወይ ካርዱ ጠፍቶባቸዋል። አንዷ ልጇን አቅፋ «ታዲያ ይሄ ወስዷል ወይስ አልወሰደም?» አለችኝ።

ቢሮ ስንመለስ ፓ ኤኖው ደብተሩንና ቀዩን እስክሪብቶ አቀበሉኝ።

«ከእኔ ሥር ጻፍ።»

ጻፍኩ፦ «ሊዮንጋ። የክትባት መዝገብ። አሥራ አንድ ልጅ።»