የናይ ቲዮማ ዝርዝር ጸሎት

ናይ ቲዮማን እንደ ሐሙስ ጸሎት የሚያበሽቃት ነገር የለም። በቶባ ሐይቅ ዳር ባለው መንደራቸው የጸሎት ማኅበሩ በየሳምንቱ ከቤት ቤት ይዞራል፤ የዛሬው ተራ የእሷ ነበር። ሰዎቹ ምንጣፏ ላይ ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «ጌታ ሆይ፣ ሁላችንንም ባርክ፣ ሁሉም እንደ ፈቃድህ ይሁን» ይላሉ። እሷ በንዴት ትንጨረጨራለች። ገበያ ወጥቶ «የሆነ ነገር ስጡኝ» የሚል ሰው ምን ይዞ ይመለሳል?

ናይ ቲዮማ ማለት የቲዮማ እናት ማለት ነው። ቲዮማ ደግሞ ከወደደችው ልጅ ጋር ኮብልላ ሜዳን ከተማ ከገባች ሦስት ዓመት ሆኗታል። መንደሩ በቀን ሃያ ጊዜ እናቲቱን በልጇ ስም ይጠራታል፤ ሃያ ጊዜ ሆዷን ይበላታል።

የመጸለይ ተራዋ ሲደርስ ቁጣ በተቀላቀለው ድምፅ ጀመረች።

«አባት ሆይ፣ ቲዮማን አምጣልኝ፣ ከነባሏ። በጠዋቱ አውቶቡስ ትምጣ። የፊት ወንበር ይድረሳት፣ ኋላ ከተቀመጠች ያስመልሳታል። ቀዩን ሸሚዟን ትልበስ። በጓሮ ሳይሆን በዚህ በር ትግባ። አምኜ ነው የምለምንህ። ስንት ጊዜ ልንገርህ?»

ጎረቤቷ ናይ ሀሲያን ሳቋ አመለጣት። «እግዜርን እንደ ሾፌር አዘዝሽው እኮ!»

«አንቺ እንደ ፈቃድህ እያልሽ አንቀላፊ።»

የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ሳኡት መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ከደኑ። «ናይ ቲዮማ፣ እንዲህ ለይቶ መለመን መልካም ነው። አውቶቡሱን ተናገርሽ፣ ወንበሩን ተናገርሽ፣ ሸሚዙ እንኳ አልቀረሽም። ቀኑስ?»

«ቀኑማ የጌታ ነው።»

«ሁሉን ነግረሽው ቀኑ ብቻ እንዴት የጌታ ሆነ?»

በአገሩ ልማድ የኮበለሉ ባልና ሚስት፣ የባል ዘመዶች ምግብ ይዘው መጥተው ይቅርታ ካልጠየቁላቸው፣ የልጅቱን ወላጆች ደጅ አይረግጡም። ቀኑን የሚቆርጠው ደግሞ የልጅቱ ወላጅ ነው፤ አባትየው ስለሞተ ነገሩ በእሷ እጅ ነው።

«የባሏ ዘመዶች ሁለቴ 'መቼ እንምጣ?' ብለው እኔኑ ወዳንቺ ልከውኛል» አሉ ሽማግሌው። «መጀመሪያ የሽንኩርት ለቀማ ላይ ነኝ አልሽ። ቀጥሎ ጣራዬ ያፈሳል አልሽ። ጌታን እየለመንሽ በሩን የዘጋሽው አንቺው ነሽ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አለች። «ልጄ መጥታ እግሬ ላይ ስትወድቅ ንዴቴን የት ላስቀምጠው? ሦስት ዓመት የኖርኩት በእሱ ነው እኮ!»

ናይ ቲዮማ ፊቷን በልብሷ ጫፍ ጠረገችና እንደገና ዓይኗን ጨፈነች።

«ጌታ ሆይ፣ ቅዳሜ።»

«የትኛው ቅዳሜ?» አሉ ሽማግሌው።

«ከነገ ወዲያ! አይጨቅጭቁኝ እንግዲህ፤ ሄደው ይንገሯቸው።» ትንፋሿን ሳበች። ከዚያ የተናገረችው ከአፏ ብዙም አልራቀም፤ አጠገቧ የነበረችው ናይ ሀሲያን ብቻ ሰማችው።

«አባት ሆይ፣ ነገ ጠዋት ሐሳቤን እቀይራለሁ፤ ራሴን አውቃታለሁ። አታስቀይረኝ።»