ከአምባው አለት ያነሣኋት ቀይ ድንጋይ

ትናንት ዜና ክፍሉ ውስጥ መሳቢያዬን ስስብ የተንከባለለችውን ድንጋይ ሰምተህ «ይቺ ደግሞ ለምንድን ናት?» ብለህ ጠየቅኸኝ። «ወረቀት መጫኛ» አልኩህ። ዋሸሁህ። ወረቀት መጫኛ መሳቢያ ውስጥ አይቀመጥም። እንቁላል የምታክል፣ አንድ ጎኗ የተሸረፈ ጥቁር ድንጋይ ናት። ሁለት ነበሩ።

ያየሁትን እንዳየሁት፣ የሰማሁትን እንደሰማሁት ለይቼ እነግርሃለሁ።

ስምንተኛ ክፍል ነበርን፤ ሰዉ ዛሬም ቆሰበር በሚላት በእንጅባራ። የታሪክ መምህራችን ከጥሊሊ ከተማ ወዲያ ወዳለው አምባ ሊወስደን ሁለት አይሱዙ ተከራየ። አምባው ዙሪያውን ገደል ነው። መውጫው አንድ ጠባብ በር ብቻ ሲሆን እሱም ግራና ቀኙ በድንጋይ የተካበ ነው። ላይ የንጉሥ ቤተ መንግሥት ነበረ ይባላል።

አንድ ዴስክ ላይ አብራኝ የምትቀመጠው ጓደኛዬ የጥሊሊ ገጠር ልጅ ነበረች፤ ቆሰበር ቤት ተከራይታ ትማር ነበር። በቤቷ የሚነገረው አዊኛ ነው፤ የክፍሉ ምርጥ አማርኛ ግን የእሷ ነበር። ሥዕልም ትችላለች። እሷ ግንቡን ልትሥል፣ እኔ ጽሑፉን ልጽፍ፣ በትምህርት ቤቱ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ልናወጣው ተስማምተን ነበር።

በሩ ላይ የሣር ገሳ የደረቡ ሽማግሌ ጠባቂ ተቀበሉን። እያንዳንዳችን አንድ ድንጋይ ከመንገዱ አንሥተን፣ ከበሩ እንደተገባ ባለው ጠፍጣፋ አለት ላይ እንድናስቀምጥ አዘዙን።

«ስትወርዱ የየራሳችሁን ታነሣላችሁ» አሉ። «በንጉሡ ጊዜ ሲመሽ አለቱ ላይ አንድ ድንጋይ ከቀረ፣ ላይ የተደበቀ ሰው አለ ማለት ነው። ያ ሰው እስኪገኝ ንጉሡ አይተኙም።»

«አሁን እኮ ንጉሥ የለም፣ አባባ!» አለ ከኋላ አንዱ ቀልደኛ።

«ንጉሡ የሉም። አለቱ አለ።»

ጓደኛዬ ፈልጋ ቀይ ድንጋይ መረጠች፤ «እንዳይምታታብኝ» ብላ። እኔ እግሬ ሥር ያገኘኋትን ጥቁር አነሣሁ።

ላይ የቀረው ጥቂት ነበር። ጣሪያ የሌላቸው ግድግዳዎች፣ የረጠበ ኖራና የረጠበ ሣር ሽታ፣ ጥቂት ደረጃዎች፣ ከደረጃዎቹ በላይ ብቻውን የቆመ የግንብ በር። ከበሩ ወዲያ ገደሉና ሰማዩ ብቻ ነበሩ። ነፋሱ በዚያ በር ሲያልፍ ሰው ትንፋሹን ይዞ ቆይቶ የሚለቅ ይመስል ነበር። ማንም ዝም በሉ ሳይለን ሁላችንም በሹክሹክታ እናወራ ነበር። እሷ ከደረጃው ፊት ለፊት ተቀምጣ መሣል ጀመረች።

ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሣ። መምህሩ ፊሽካ ነፋ።

«ነይ እንጂ!» አልኳት።

«ደረጃው ብቻ ቀርቶኛል። ቅደሚ፣ እደርስብሻለሁ።»

አለቱ ጋ ስደርስ ጥቁሯን አነሣሁ። ቀይዋ አጠገቧ ነበረች። ጓደኛዬ ወርዳ ስታጣት የምትደነግጠው ታየኝና ሳቄ መጣ። ከበሩ ውጭ ጠብቄ ልሰጣት ነበር ያሰብኩት። ሁለቱንም ኪሴ ከተትኩ።

ዝናቡ ጣለ። ልጆቹ እየተጋፉ ወደ መኪናዎቹ ሮጡ፤ እኔም ሮጥኩ። ከኋላዬ ሽማግሌው «አለቱ ባዶ ነው፤ ሁሉም ወርዷል» ሲሉ ሰማሁ። ቀጥሎ የእንጨቱ መዝጊያ ሲገጥም ሰማሁ። ያኔ መናገር እችል ነበር። በጉሙ ውስጥ አልፋኝ ሁለተኛው መኪና ላይ ወጥታ ይሆናል አልኩ። በሕይወቴ ሳላረጋግጥ ያመንኩት የመጀመሪያው ወሬ እሱ ነው፤ ያወራሁትም እኔው፣ ለራሴ።

ጥሊሊ ላይ ሻይ ልንጠጣ ቆምን። ከሁለተኛው መኪና የወረዱትን አንድ በአንድ አየኋቸው። እሷ የለችም።

«አገሯ አይደል? ወደ ቤቷ ሄዳ ይሆናል» አለ መምህሩ። «አለቱ ላይ የቀረ ድንጋይ የለም።»

«ላይ ነች» አልኩ።

«በምን አወቅሽ?»

«ደረጃው ቀርቶኛል ብላኝ ነበር።»

እውነት ነው። ሙሉው እውነት ግን አልነበረም።

በአንደኛው መኪና ወደ አምባው ተመለስን። ሽማግሌው «አለቱ ዋሽቶ አያውቅም» እያሉ መዝጊያውን ከፈቱ። እሷ አለቱ ሥር ተንበርክካ ነበር። ጣቶቿ እስከ መዳፏ ጭቃ ናቸው። ለምን ጥላችሁኝ ሄዳችሁ አላለችም። መጀመሪያ ያለችው «ድንጋዬ የለም» ነው። ቀጥላ ወደ ላይ እያየች «ሰው አለ፤ ይቆጥራል» አለች። እኔ የሰማሁት ነፋሱን ብቻ ነው።

«መጀመሪያውንስ አስቀምጠሽ ነበር?» አላት መምህሩ። ፈርቶ ስለነበር ተቆጣ።

«አስቀምጫለሁ! ቀይ ነበረች። እሷ ታውቃለች፣ ጠይቃት!»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር።

«አላየሁም» አልኩ።

መምህሩ ውሸታም አላት። ሽማግሌው ግን አመኗት፤ የባሰውም እሱ ነበር። «እንግዲያ አምባው ነው የወሰደው» አሉ በቀስታ። «ድንጋዩን የወሰደበትን ሰው አይለቅም።»

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ጥሊሊ ገባ። በሳምንቱ አባቷ ፈረስ ይዞ ቆሰበር መጣ። አንሶላዋንና ድስቷን ጭኖ፣ እሷን አስከትሎ ሄደ። ዴስኩ ላይ ብቻዬን ቀረሁ። ለግድግዳ ጋዜጣው ብላ የሰጠችኝ ሥዕል እኔ ጋ ነበር፤ የግንቡ በር አልቋል፣ ደረጃው የለም።

አሁን አንተን በምታመጣው ዜና ላይ «ይህን ማን አየ?» እያልኩ መጨቅጨቄ ከየት እንደመጣ ታውቃለህ።

ባለፈው ዓመት ለሥራ ቆሰበር ሄጄ፣ በእረፍት ቀኔ በሚኒባስ ጥሊሊ ወረድኩ። ገበያ ነበር። የድንች ክምር ጀርባ ተቀምጣ አገኘኋት። ቀድማ ያወቀችኝ እሷ ናት።

«ውይ፣ ጋዜጠኛዋ! በሬዲዮ ስትለፈልፊ እሰማሻለሁ እኮ። ከስተሻል፤ አይከፍሉሽም እንዴ?»

ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር። ጠፋኝ። ቀይዋን ድንጋይ አውጥቼ መዳፏ ላይ አስቀመጥኳት። ገለባበጠቻት። በአውራ ጣቷ አፈሯን የምትጠርግ ያህል አሸቻት፤ አፈር ግን አልነበረባትም።

«ያን ቀን ስንመለስ መኪናው ላይ አጠገብሽ ነበር የተቀመጥኩት» አለች። «መንገዱ ባነጠረን ቁጥር ኪስሽ ውስጥ ሲጋጩ እሰማ ነበር።»

«ለምን አልተናገርሽም?»

«አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ ነዋ። እስከ ጥሊሊ ጠበቅሁሽ። ከዚያ እስከ ቆሰበር። ከዚያ አባቴ ፈረሱን ይዞ እስኪመጣ።»

ገዢ መጣና ድንች ጠየቃት። ድንጋይዋን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ ሚዛኑን አነሣች።

ጥቁሯ መሳቢያው ውስጥ ቀርታለች። ስከፍተው ብቻዋን ትንከባለላለች፤ የምትጋጨው ነገር የለም። የምሰማው ግን ሁልጊዜ ሁለት ነው።