ውኃ የከለከልናቸው ዘይቱኖች

እኛ ዘይቱን የምንለውን ፍሬ እዚህ በዕብራይስጥ ጉያባ ይሉታል። ባለቤቴ በመጀመሪያው ሰሞን ኡልፓን በሚሉት የቋንቋ ትምህርት ቤት ለምታስተምረው መምህርት «ዘይቱን እርሻ ሥራ አገኘሁ» ቢላት፣ በእነሱ ቋንቋ «ዛይት» የሚባለው ወይራ መስሏት «እንግዲህ ዘይት ከአንተ ነው» ብላ ሳቀች። እርሻው ከነታንያ በስተምሥራቅ፣ ሞሻብ በሚሉት አንድ የገበሬዎች መንደር ውስጥ ነበር። ልጆቻችን ትምህርት ቤት ሲገቡ እኔም ከሰፈራችን ከኪርያት ኖርዳው በአውቶቡስ እየሄድኩ አብሬው መሥራት ጀመርኩ። የእርሻው ጌታ ሚስታቸው የሞተችባቸው ሽማግሌ ናቸው።

አንድ ዓመት፣ ፋሲካ እንዳለፈ፣ ሽማግሌው ልባቸውን ታመው ቀዶ ጥገና ታዘዘላቸው። ሊሄዱ ሲሉ ዛፎቹ ሥር አቆሙን።

«ውኃውን ዝጉት» አሉ። «ቅጠሉ ጠውልጎ መርገፍ ሲጀምር የቅርንጫፉን ጫፍ ጫፍ ቁረጡና ውኃውን መልሳችሁ ክፈቱ። ጉያባ የሚያብበው በአዲስ ቀንበጥ ላይ ነው። ፍሬዬ የሌላው ገበሬ ሁሉ ተሸጦ ካለቀ በኋላ፣ ከዳስ በዓል ወዲያ እንዲደርስልኝ እፈልጋለሁ።»

«ባያቆጠቁጥስ?» አለ ባለቤቴ።

«ያቆጠቁጣል። እኔ ባልመለስ እንኳ እሱ ያቆጠቁጣል።»

ንግግራቸው ደስ አላለንም።

እንዳሉን አደረግን። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ረገፈ፤ ቆረጥነው። አንድ ጎረቤት ገበሬ ትራክተሩን አቁሞ፣ «ምነው፣ ሰውየው ሳይሞት ዛፉን ገደላችሁበት?» አለን። ውኃውን ብንከፍትም ዛፎቹ እርቃናቸውን ቆሙ። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ሆስፒታል ስንደውል ልጃቸው ታነሳና «አባቴ ገና አልነቃም» ትለናለች። ባለቤቴ «የሰው አደራ በላን» እያለ ማታ ማታ ይብሰለሰላል።

አንድ ጠዋት የውኃውን ቱቦ እያየሁ ጎንበስ ስል፣ ከተቆረጠው ቅርንጫፍ ጎን ቀላ ያለች ለጋ ቀንበጥ አየሁ። ቀጥሎ ያለውም ዛፍ እንደዚያው ነው። ባለቤቴን ጮኼ ስጠራው እባብ የነደፈኝ መስሎት እየሮጠ መጣ። ቀንበጧን በጣቱ ነካ አደረጋትና እዚያው መሬት ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። «ተመስገን» አለ።

ቀንበጡ አድጎ አበባ ባወጣ ሰሞን ስልኩ ጮኸ። ሽማግሌው ናቸው፤ ድምፃቸው ሰልሏል። ሰላምታም የለ፤ «አበባ አለ?» አሉ።

«ነጭ በነጭ ሆኗል!» አለ ባለቤቴ።

ሽማግሌው፣ «ፍሬ ሲይዝ ሦስት አንድ ላይ ካያችሁ ሁለቱን ልቀሙት፤ የቀረው ይወፍራል» አሉና ሳቁ። ሳቃቸውን ስንሰማ እኛም ሳቅን።

ፍሬው ሳይበስል በልጃቸው ክንድ ተደግፈው መጡ። ከስተዋል። በዛፎቹ መሀል ቀስ እያሉ አለፉ፣ አንዱን ፍሬ በመዳፋቸው መዘኑት፣ ሳይቆርጡት ተዉት። ከዚያ ዞረው ባለቤቴን አቀፉት። እሱ እንደ አገራችን ወግ ትከሻቸውን ደጋግሞ ሳመ።

የዚያን ቀን ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ሁለታችንንም እንቅልፍ ጣለን። ሰፈራችንን አልፈን፣ መጨረሻው ማቆሚያ ላይ ሹፌሩ ቀሰቀሰን። ማናችንም ሳንቸኩል በእግራችን ወደ ቤት ተመለስን።